አዲስ የከተማ ፎቶግራፍን የዱሮ ስለ ማስመሰል፤ በላሊበላ ከተደረገ ሙከራ ጋር

ዛሬ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ጧት ያነሣውን ፎቶግራፍ ምሳ ሳይደርስ በአያቶቹ ዘመን የተነሣ ሊያስመስለው ይችላል። አንድ ጊዜ በጣቱ ሲነካው ቀለሙ ጠፍቶ ቡናማ ይሆናል፤ ሁለተኛ ሲነካው ጠርዙ ይጠቁራል፤ ሦስተኛ ሲነካው ጭረትና ነጠብጣብ ይወጣበታል። እንዲህ ያለው ሥዕል ለሆቴል ግድግዳ፣ ለፖስት ካርድ፣ ለሠርግ መጥሪያና ለተማሪዎች ማኅበር ማስታወቂያ የሚወደድ ሆኗል። እኛም ወድደነው ስንሠራው ቈይተናል።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የዱሮ ፎቶግራፍ መልክ ከምን እንደ መጣ፤ ሁለተኛ፣ ያንን መልክ በአዲስ ፎቶግራፍ ላይ በትክክል ለማሳየት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፤ ሦስተኛ፣ ሥራውን የሠራ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ግዴታ እንዳለበት ነው። በመጀመሪያ ስለ ሦስተኛው ለመጻፍ አላሰብንም ነበር። እንድናስብበት ያደረገን በላሊበላ ያጋጠመን ነገር ነው፤ እርሱንም በቦታው እንተርከዋለን።

የዱሮው መልክ ከምን መጣ?

ሁለተኛ ደረጃ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በየዓመቱ ትምህርታቸውን የፈጸሙ ተማሪዎች ፎቶግራፎች ተሰቅለው ነበር። በመስኮቱ ትይዩ ያሉት ገርጥተው ቢጫ ሆነዋል። በጥጉ ጨለማ ውስጥ ያሉት ግን ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ እንደ ሆነ ነበር። እኛም የገረጡትን የቀድሞ፣ ያልገረጡትን የቅርብ ጊዜ አድርገን እንቈጥራቸው ነበር። አንድ ቀን ከሥራቸው የተጻፈውን ዓመት ብናነብ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ፤ የጥጉዎቹ በዕድሜ ይበልጡ ነበር። ያን ዕለት የተማርነው ለዚህ ጽሑፍ መሠረት ነው፤ ይኸውም የፎቶግራፍ ቀለም ፎቶግራፉ ያገኘውን ፀሐይ፣ እርጥበትና አያያዝ ይናገራል እንጂ ዕድሜውን አይናገርም።

በጠቅላላው የዱሮ መልክ የምንለው ከሦስት ምንጮች የተቀዳ ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ የዱሮው ካሜራ ብርሃንን የሚያይበት መንገድ ነው። ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ከተገለጠ ጀምሮ ብዙ ዓመታት ሥዕሉን የሚቀበሉት የብር ጨዎች ሰማያዊውን ብርሃን ብቻ በደንብ ያዩ ነበር፤ ለቀይ ግን ዕውሮች ነበሩ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1873 ጀርመናዊው ኸርማን ፎገል ማቅለሚያ ቢጨመርበት ጨዉ አረንጓዴውንም ሊያይ እንደሚችል ደረሰበት። ቀለሞችን ሁሉ የሚያይ የመስታወት ሰሌዳ ለገበያ የቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የሚታተምበት ወረቀት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የታተሙት የእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ ነው፤ የእንቁላሉ ነጭ ደግሞ ውሎ ሲያድር ቢጫ ይሆናል። ሲፒያ የተባለው ቡናማ ቀለም ግን ሰዎች እንደሚገምቱት የእርጅና ምልክት አይደለም። በፎቶግራፉ ያለውን ብር በድኝ አማካይነት ወደ ሌላ ውሑድ በመለወጥ ሆነ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ይህም ፎቶግራፉን ይበልጥ እንዲቈይ ያደርገዋል። ስለዚህ ቡናማው ፎቶግራፍ ገና ከፎቶ ቤቱ ሲወጣ ቡናማ ነበር።

ሦስተኛው ምንጭ ከታተመ በኋላ የደረሰበት ጉዳት ነው። ፎቶግራፉ ሲሠራ በደንብ ካልታጠበ በወረቀቱ የቀረው መድኃኒት ያገረጣዋል፤ በሣጥን ውስጥ ቢታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ቢያገኘው ይበላሻል። በከለር ፎቶግራፍ ዘንድ ደግሞ ሦስቱ ማቅለሚያዎች እኩል አይቈዩም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በታተሙ ብዙ የከለር ወረቀቶች ላይ ሰማያዊ አረንጓዴው ማቅለሚያ በሣጥን ጨለማ ውስጥም ሳለ ቀድሞ ስለሚጠፋ፣ ሥዕሉ ወደ ቀይ ያደላል።

እንግዲህ የስልኩ ፊልተር ሦስቱን ምንጮች ያለ ልዩነት ባንድ ላይ ያፈስሳቸዋል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቡናማ፣ የ1970ዎቹን የቀለም መቅላትና ከዚያም በኋላ በመጣ ካሜራ ጥግ ላይ የሚታተመውን ብርቱካን መሳይ ቀን ባንድ ሥዕል ላይ ሲያስቀምጥ አይተናል። ይህ በአንድ ሰው ላይ የአባቱን ካባና የልጁን ጫማ እንደ ማልበስ ነው።

ቀዩ ዓለትና ሰማያዊው ሰማይ

ይህን ነገር ለመፈተን ከላስታ ደጋ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ቀይ ዓለት ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለ፣ ከክረምት በኋላ ሰማዩ እጅግ ሰማያዊ ነው። በዚህ ላይ የሕዝቡ ነጠላና ጋቢ ነጭ ነው። ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ባንድ ቦታ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ለቀይ ዕውር የሆነ የዱሮ ሰሌዳ ይህን ቢያነሣ ምን ይታያል? ሰማዩ ደመናው ሳይለይ ወረቀት መስሎ ይነጣል። ቀዩ ዓለት ዓይናችን ከሚያየው ይልቅ ይጠቁራል። የሰውም ፊት እንዲሁ ይጨልማል። ነጩ ነጠላ ግን ከጨለማው ዓለት ፊት ለፊት እንደ መብራት ይጎላል። የዛሬው ስልክ ቀለሙን ብቻ አጥፍቶ ሲያቀርበው ግን ዓለቱ ፈዛዛ ግራጫ፣ ሰማዩም እንደ ዓለቱ ግራጫ ይሆናል። በላዩ የፈለገውን ያህል ቡናማ ቢያፈስሱበት የዱሮ አይመስልም። ዓይን ለምን እንደ ሆነ ባያውቅም ይጠራጠራል።

የሥራው አካሄድ

በጥር ወር፣ የገና በዓል ባለፈ በሰሞኑ፣ በአንድ ቅዳሜ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ቆመን የላሊበላን ከተማ ቁልቁል አነሣን። በሥዕሉ ውስጥ ወደ ገበያ የሚወርድ ሕዝብ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ነበሩ፤ በግራው ጠርዝ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ከሚከላከለው መጠለያ ጫፉ ይታይ ነበር። ሥራውን የሠራነው በነፃ በሚገኘው ጊምፕ በሚባለው ፕሮግራም ነው፤ በፎቶሾፕም መንገዱ አንድ ነው።

በመጀመሪያ ዋናውን ፎቶግራፍ ሳንነካ ግልባጩን አወጣን። ሥራው ሁሉ የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው።

ቀጥሎ የምናስመስለውን ዘመን ወሰንን። የዘመኑ ምርጫ ሌላውን ሁሉ ስለሚወስን ከዚህ በፊት ምንም መነካት የለበትም።

ከዚህ በኋላ ቻናል ሚክሰር በሚባለው መሣሪያ ከለሩን ወደ ጥቁርና ነጭ ለወጥን። እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ሥዕል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ መደብ የተሠራ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መልክ የሚፈልግ ሰው ሰማያዊውን መደብ ብቻ ይጠቀማል፤ የ20ኛውን መጀመሪያ የሚፈልግ ሰማያዊና አረንጓዴውን ያደባልቃል፤ የ1950ዎቹን የሚፈልግ ሦስቱንም ይወስዳል። በስልክ ካሜራ የሰማያዊው መደብ የማይፈለግ ነቁጥ ስለሚበዛበት በጥቂቱ ማለስለስ ያሻል።

በአራተኛ ደረጃ የብርሃንና የጥላውን ልክ አስተካከልን። የዱሮ ወረቀት ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር፣ ነጩም ፍጹም ነጭ አይደለም። ስለዚህ ጥቁሩን በጥቂቱ ከፍ፣ ነጩን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ይገባል። ቡናማው ወይም ቢጫው የሚጨመረው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ እርሱም እንደ በርበሬ ሲበዛ ወጡን ያበላሻል።

በመጨረሻም ነቁጡንና ጠርዙን ጨመርን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በትልቅ የመስታወት ሰሌዳ የተነሣ የዱሮ ፎቶግራፍ እጅግ ጥርት ያለ ነው፤ ነቁጡም አይታይም ማለት ይቻላል። ነቁጡ የሚጎላው ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በተስፋፋው በትንሹ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ነው። የዱሮ ፎቶግራፍ ብዥ ያለ ነው የሚባለው ለሚንቀሳቀስ ሰው እውነት ነው፤ ሰሌዳው ብርሃኑን እስኪቀበል ድረስ መንገደኛው ይራመዳልና። ቆሞ ለሚኖር ግንብና ዓለት ግን እውነት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የሠራነው በጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ርምጃ ጨመርን። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አጠፋን፤ ባጃጁን ከመንገዱ አነሣን፤ የመጠለያው ጫፍ እንዳይታይ ግራውን ጠርዝ ቈረጥን፤ የቆርቆሮውን ጣሪያ አጨልመን፣ ሸካራ አድርገን፣ ከሩቅ ሲያዩት ሣር እንዲመስል አደረግነው። ሥዕሉ በጣም አማረ። በወረቀት አሳትመን በኩራት ያዝነው።

በላሊበላ ያጋጠመን ነገር

በከተማው ሳለን በአንድ ቤት ቡና ተጠራን። የቤቱ እናት መነኵሲት ናቸው፤ እማሆይ እያልን እንጠራቸዋለን። ተወልደው ያደጉት በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ በነበረ፣ ደርብ ባለው ክብ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ይህ ላስታ ቱኩል የሚባለው፣ ከአገሩ ቀይ ድንጋይ የሚሠራው ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቅርሱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ብዙ ሕዝብ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር እርሳቸውም ተዛውረዋል።

ያሳተምነውን ሥዕል ሰጠናቸው። ወደ ደጃፉ ብርሃን ወስደው ረዥም ጊዜ ተመለከቱት። በጣታቸው ከመንገዱ ጀምረው ቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ ቈጠሩ። ከዚያም፦

«ልጆቼ፣ ይህ ሲነሣ እኮ የአባቴ ቤት ቆሞ ነበር። ወዴት ሄደ?» አሉ።

መልስ አጣን። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ ነኝ እንጂ፤ አርጅቻለሁ፤ ስፍራውንም ረሳሁት» አሉና ወረቀቱን መለሱልን።

በዚያን ጊዜ አፍረን ነገሩን ሁሉ ገለጽንላቸው፤ ሥዕሉ የተነሣው ባለፈው ቅዳሜ እንደ ሆነ፣ ሣር የመሰላቸውም ቆርቆሮ እንደ ሆነ ነገርናቸው። አልተቈጡም። «እንግዲያው አልረሳሁም» ብቻ አሉ። ለእኛ ግን ይህ ከቁጣ ይበልጥ ከበደን። ያንን ስፍራ በዓይናቸው አይተው የሚያውቁ ምስክር፣ በእኛ ሥራ ምክንያት የራሳቸውን ትዝታ ተጠራጥረዋልና።

በማግሥቱ ያልተነካውን ዋናውን ፎቶግራፍ ይዘን ተመለስን። እማሆይም መጠለያውን ምልክት አድርገው የአባታቸው ቤት፣ የጎረቤቶቻቸውም ቤት የነበረበትን ስፍራ ያለ ችግር አሳዩን፤ እኛም በወረቀቱ ላይ ምልክት አደረግን። ከዚያም ከሣጥናቸው አንድ ትንሽ የከለር ፎቶግራፍ አወጡ። ቀለሙ ወደ ቀይ ሄዷል፤ በጀርባው ምንም አልተጻፈበትም። በፎቶግራፉ ላይ እርሳቸው ሕፃን ታቅፈው በክቡ ቤት በር ቆመዋል። «ይህ ልጅ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው የተወለደው» አሉን። በዚህ ምክንያት ፎቶግራፉ በ1974 ወይም በ1975 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተነሣ ለመረዳት ቻልን። ዘመኑን ያስታወቀን የወረቀቱ መቅላት ሳይሆን የታቀፉት ሕፃን ነው።

ነገሩ ከአንድ ቤት አልፎ የሚሄድበት ምክንያት

አንባቢ ይህ የአንዲት እናት ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን የላሊበላ ፎቶግራፎች የከተማው ሰነዶችም ናቸው።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ጥገና አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥራን መሳይ ነገርና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ በመራው ጥገና ያ ቅብ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1978 አብያተ ክርስቲያናቱ በዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት አራት ታላላቅ መጠለያዎች ተፈጸሙ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1940 በታተመው በሞንቲ ዴላ ኮርቴ መጽሐፍ ያሉት ፎቶግራፎች፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ስዊሳዊው ገኦርግ ጌርስተር ያሳተማቸው ፎቶግራፎችና ዛሬ የሚነሡት ሦስት ልዩ ልዩ ዘመናት ይናገራሉ። ዓለቱ የት እንደ ተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ መቼ እንደ ሰፋ፣ ውሃ በየት በኩል እንደ ገባ ለማወቅ የሚሻ ሰው እነዚህን ማስተያየት አለበት።

እንግዲህ መጠለያው ተቈርጦ የወጣለት፣ ቀለሙም የጠፋ የዛሬ ፎቶግራፍ ከእነዚህ መካከል ቢገባ የሚያደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም። አዲሱን ስንጥቅ አሮጌ ያደርገዋል። ቀለሙን ማጥፋት ብቻውን እንኳ ማስረጃ ያጠፋል፤ የተቀባው ቀይና የዓለቱ የተፈጥሮ ቀይ በጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ ለመለየት ያስቸግራሉና።

በዚህ ላይ የዘመን አቈጣጠራችን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአንድ የቤተ ማርያም ፎቶግራፍ ጀርባ «1960» ተብሎ ቢጻፍ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከሆነ ጥገናው ሳይጀመር የተነሣ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. 1967 ወይም 1968 ስለሚሆን ጥገናው ከተጀመረ በኋላ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በእንዲህ ያለ ቦታ ትልቅ ነገር ነው።

የዱሮ መልክ የሚያፈቅር ሰው እውነተኛውን የዱሮ ፎቶግራፍ ፈልጎ ቢያገኝ እጅግ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰቡ ፎቶግራፎችን ነው ያቀረበው፤ ከተማዪቱ የነበራት መልክ ያለ አንዳች ፊልተር ይታይበታል። በላሊበላ፣ በወልድያና በደሴም በየሣጥኑ ያለው እንዲሁ ቢሰበሰብ መልካም ነው እንላለን። የእማሆይን ፎቶግራፍ በፈቃዳቸው ስንገለብጥ የጻፍነው የሕፃኑን ታሪክና ዘመኑን ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ፎቶግራፍን የዱሮ ማስመሰል ይቅር አንልም። ሥራው ራሱ ትምህርት ነው፤ የዱሮው ሰሌዳ ምን ያይ እንደ ነበረና ምን እንዳላየ የተረዳነው አስመስለን ለመሥራት በመሞከራችን ነው። ነገር ግን የብርሃኑን መልክ መለወጥና በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ነገር መለወጥ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ልብስ እንደ መለወጥ ነው፤ ሁለተኛው ሐሰተኛ ምስክር እንደ ማቆም ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ የምንጠብቃቸው አራት ደንቦች እነዚህ ናቸው። ዋናውን ፎቶግራፍ ምን ጊዜም አናጠፋም። በዚያ ቀን በቦታው የነበረውን ሽቦም ሆነ ቆርቆሮ አንፍቅም፤ የሌለውንም አንጨምርም። የተነሣበትን ቀንና ቦታ፣ የዘመን አቈጣጠሩንም ዓይነት፣ «ተለውጦ የተሠራ» ከሚል ቃል ጋር በሥዕሉ ጠርዝ ላይ እንጽፋለን። በፋይሉ ውስጥ ተሰውሮ የሚቀመጠው ቀን በብዙዎቹ የመልእክት መላኪያዎች ሲያልፍ ስለሚጠፋ በእርሱ ብቻ አንታመንም። በመጨረሻም፣ ሥዕሉን ስፍራውን ለሚያውቅ ሰው ከማሳየታችን በፊት ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንናገራለን።

ያን ያማረውን ሥዕል አሁን በክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ከሥሩም «ላሊበላ፣ ጥር፤ ጣሪያዎቹ ቆርቆሮ ናቸው» ብለን ጽፈንበታል።